በሌሊት የሚጽፈው ጠበቃ፦ ለጀማሪ ጸሐፊዎች

ልጆቼ፣

ረቂቃችሁን በቴሌግራም ስትልኩልኝ አብዛኞቻችሁ አንድ ጥያቄ ታያይዛላችሁ። «ተሰጥኦ አለኝ ወይ?» የሚል። ዕድሜዬን በአርታኢነት ነው የገፋሁት፤ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አልወድም። የሚጠቅማችሁ ሌላ ጥያቄ ነው። ሥራችሁ ሲተች በማግስቱ ምን ታደርጋላችሁ? በእኔ እምነት ጸሐፊ የሚሆነውና መንገድ ላይ የሚቀረው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ዝም ብዬ ከምመክራችሁ የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ላሳያችሁ። ኤርል ስታንሊ ጋርድነር ይባላል። አሜሪካዊ ጠበቃ ነበር፤ ኋላ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ሆነ። ፔሪ ሜሰን የሚባለውን የችሎት ጀግና የፈጠረው እሱ ነው። በፔሪ ሜሰን ብቻ ከ80 በላይ መጻሕፍት ጽፏል። ኤ. ኤ. ፌር በሚል የብዕር ስም ደግሞ ወደ 30 የሚጠጉ ሌሎች አሉት። በመጽሔት የወጡት ታሪኮቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

ጋርድነር በ1889 ማሳቹሴትስ ተወለደ፤ ያደገው ካሊፎርኒያ ነው። ሕግ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ወር ገደማ ብቻ ቆየ። ከትምህርቱ ይልቅ ቦክስ ስቦት ነበር። ከዚያ ጠበቆች ቢሮ እየሠራ በራሱ አነበበና በ1911 የጥብቅና ፈተናውን አለፈ።

ኦክስናርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሮ ከፈተ። ብዙዎቹ ደንበኞቹ ቻይናውያን ስደተኞች ነበሩ። እነሱን ደፍሮ የሚቆምላቸው ጠበቃ በማይገኝበት ዘመን እሱ ቆመላቸው። አንድ ጊዜ ፖሊስ «ሎተሪ ያጫውታሉ» ብሎ ቻይናውያን ነጋዴዎችን ሊይዝ መሆኑን ሰማ። ነጋዴዎቹን ሱቅ ለሱቅ አቀያየራቸው። አንዱ በሌላው መደብር ባንኮኒ ጀርባ ቆመ። ፖሊሶቹ መጡና እያንዳንዱን ሰው በሱቁ ባለቤት ስም ያዙት። ለእነሱ ቻይናዊ ሁሉ አንድ መልክ ነበረውና ማንን እንደያዙ ልብ አላሉም። ኋላ ሲጣራ የተያዙት ሁሉ ሌሎች ሰዎች ሆነው ተገኙ። ክሱ ፈረሰ።

ፔሪ ሜሰን በችሎት የሚጠቀምባቸው ዘዴዎች ከየት እንደመጡ አሁን ይገባችኋል። ሰውየው የጻፈው ቀን ቀን ሲሠራው ከሚውለው ነው። አንዳንዶቻችሁ የባንክ ሥራችሁን፣ ነርስነታችሁን፣ ሹፌርነታችሁን ከድርሰት የሚያግዳችሁ ጠላት አድርጋችሁ ትጽፉልኛላችሁ። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ጥብቅ አቋም አለኝ። ያ ሥራ ማንም ሌላ ጸሐፊ የሌለው ሀብታችሁ ነው። የባንክ ገንዘብ ያዥ ሐሰተኛ ብር በጣቷ ስትለይ ምን እንደሚሰማት እኔ አላውቅም፤ አንባቢም አያውቅም። የምታውቀው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፐልፕ የሚባሉ መጽሔቶች ነበሩ። በርካሽ ወረቀት እየታተሙ በየኪዮስኩ ይሸጣሉ። ለጸሐፊው የሚከፍሉት በቃል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቃል አንድ ሳንቲም። ጋርድነር ከ1921 ጀምሮ አንዳንድ ታሪኮችን ሸጠላቸው። ቀን ችሎት ይውላል፣ ሌሊት ይጽፋል። የሚመለስበት ግን ይበዛ ነበር።

በ1923 ብላክ ማስክ ለሚባለው መጽሔት አንድ ረዘም ያለ ታሪክ ላከ። የብዕር ስሙ ቻርልስ ኤም. ግሪን ነበር። ታሪኩ ደካማ ነው። አዘጋጁ ጽሑፉን ለቀልድ ያህል የሥርጭት ኃላፊው ፊል ኮዲ ጋ ላከው። ኮዲ አንብቦ በቁጣ ማስታወሻ ጻፈ። ታሪኩ የሕፃን ሥራ ነው አለ። ሴራው ከማርጀቱ የተነሳ ጢም አብቅሏል አለ። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት እንደ መዝገበ ቃላት ነው አለ። ማስታወሻው የቢሮ ውስጥ ወሬ ነው፤ ለደራሲው የታሰበ አይደለም። ሆኖም ረቂቁ ሲመለስ በስህተት አብሮ ታሸገና ጋርድነር እጅ ገባ።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ ቦታ አስቀምጡ። ሌሊት እንቅልፋችሁን አጥታችሁ የጻፋችሁት ተመልሶ መጣ። ከውስጡ ከጀርባችሁ የተባለው ሁሉ ወጣ። ምን ታደርጋላችሁ? ፌስቡክ ላይ ትለጥፉታላችሁ? «ሥነ ጽሑፍ የማያውቁ ሰዎች ናቸው» ትላላችሁ?

ጋርድነር ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሥራ ትእዛዝ አነበበው። ሴራው ያረጀ ከሆነ ሴራውን መለወጥ ነው። ሰዎቹ እንደ መዝገበ ቃላት የሚያወሩ ከሆነ ንግግራቸውን መለወጥ ነው። ሦስት ሌሊት ተቀምጦ ታሪኩን እንደገና ጻፈው። በታይፕ የሚመታው በሁለት ጣት ብቻ ነበር። የጣቶቹ ቆዳ ተላጠ፤ ቁልፎቹን ደም ነካቸው። ጣቶቹን በፕላስተር ጠቅልሎ ቀጠለ። መልሶ ለዚያው መጽሔት ላከው። በ160 ዶላር ገዙት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ታተመ። ያ ክፉ ማስታወሻ የጻፈው ኮዲ ቆየት ብሎ የመጽሔቱ አዘጋጅ ሲሆን ጋርድነር ከቋሚ ጸሐፊዎቹ አንዱ ሆነ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለደሙ አይደለም። ማስታወሻው ላይ የነበረውን ቁም ነገር ከስድቡ መለየቱ ነው። ስድቡን ተወው፤ ቁም ነገሩን ወሰደ። ከባድ ችሎታ ነው፤ ግን ይለመዳል።

ከእኔው ጠረጴዛ አንድ ነገር ላንሳላችሁ። አንዲት ጀማሪ ደራሲ የታክሲ ረዳት ያለበት ታሪክ አመጣችልኝ። ወያላው «እባክዎ የጉዞ ሒሳብዎን ይፈጽሙ» ይላል። በኅዳጉ ላይ «ይህ ሰው ዜና አንባቢ ነው ወይስ ወያላ?» ብዬ ጻፍኩባት። ፊቷ ተለወጠ፤ ደህና ዋይ ሳትል ሄደች። አትመለስም ብዬ ነበር። ግን ተመለሰች። ለካ በየታክሲው ከኋላ ወንበር እየተቀመጠች የሚባለውን ሁሉ በስልኳ ስትጽፍ ሰንብታለች። በአዲሱ ረቂቅ ወያላው «ሒሳብ ከኋላ!» ብሎ ጀመረ፤ ሁለት ገጽ ሳልቆም አነበብኩ። ያኔ ነው ይቺ ልጅ ጸሐፊ ትሆናለች ያልኩት። የመጀመሪያው ረቂቋ ከእሷ የተሻለ የነበረ ስንቱን አውቃለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ አይቶ የቀረ።

ስለ ብዛት ደግሞ ላውራችሁ። ጋርድነር ለራሱ ኮታ አወጣ። በዓመት 1,200,000 ቃል። በወር 100,000 ማለት ነው፤ እሑድም በዓልም ሳይል በቀን ከ3,000 በላይ። ይህን ቁጥር እንድትኮርጁ አልፈልግም፤ ሰው ይጎዳል። የምፈልገው መቁጠሩን እንድትኮርጁ ነው። በቀን 300 ቃል ብቻ የሚጽፍ ሰው በዓመቱ ከ100,000 በላይ ቃል አለው። አንድ ደህና ልቦለድ ነው። «ስሜቱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» የሚለው ግን ከዓመት ዓመት አንድ ምዕራፍ ያቅፋል።

ሴራ ሲያልቅበትም ስሜት አይጠብቅም ነበር። ከካርቶን የተሠሩ የሚሽከረከሩ ክቦች ነበሩት። አንዱ ላይ የገጸ ባሕርይ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ድንገት የሚገጥም እንቅፋት ተጽፎበታል። እያዞረ የደረሰውን አገናኝቶ ይጀምራል። ኋላ ላይ ታይፑን ትቶ ለቢሮ ጸሐፊዎቹ በቃል ያስጽፍ ጀመር። በአንድ ጊዜ በርካታ ሥራ ይንቀሳቀስ ስለነበር ራሱን «የልቦለድ ፋብሪካ» ይል ነበር።

ስለ ገንዘብም አፍራችሁ ዝም አትበሉ። አንድ አዘጋጅ ጋርድነርን «ጀግኖችህ ለምንድን ነው አምስት ጥይት ስተው በስድስተኛው ብቻ የሚመቱት?» ብሎ ጠየቀው አሉ። እሱም «ለአንድ ቃል ሦስት ሳንቲም ትከፍሉኛላችሁ፤ ሽጉጡ ‹ባንግ› ባለ ቁጥር ሦስት ሳንቲም አገኛለሁ። ጀግናዬ ሽጉጥ ውስጥ የ15 ሳንቲም ጥይት እያለ ውጊያውን አልጨርስም» አለ። ታሪክ አስረዝሙ ማለቴ አይደለም። ሰውየው የእያንዳንዱን ቃሉን ዋጋ ያውቅ ነበር ማለቴ ነው። እናንተ ግን ስንት ኮፒ እንደሚታተም፣ ከሽያጩ ስንት እንደሚደርሳችሁ ሳትጠይቁ የምትፈርሙ አላችሁ። በ1930ዎቹ ሆሊውድ ፔሪ ሜሰንን ፊልም ሲያደርገው ጋርድነር በውጤቱ ከፋው። ስለዚህ ቴሌቪዥን ሲመጣ ሥራው ላይ የመወሰን መብቱን ይዞ ገባ፤ የተከታታዩን ድርሰት እያነበበ ያርም ነበር። ተከታታዩ ከ1957 እስከ 1966 ታየ። በመጨረሻው ክፍል ራሱ ጋርድነር በዳኛ ወንበር ተቀምጦ ታይቷል።

የመጀመሪያው የፔሪ ሜሰን መጽሐፍ የወጣው በ1933 ነው። ጋርድነር 43 ዓመቱ ነበር። ጥብቅናውን የተወው ከዚያ በኋላ ነው። አሥር ዓመት በላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስኬድ ኖሯል። ሥራ ለቅቃችሁ «ሙሉ ጊዜዬን ለድርሰት» የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ቤት ኪራዩን መጀመሪያ አስቡት። ቤተሰባችሁንም አስቡ። ጋርድነርና የመጀመሪያ ሚስቱ በ1930ዎቹ ተለያይተው መኖር ጀመሩ፤ እሷ በ1968 እስክታርፍ ድረስ ግን አልተፋቱም። በሌሊት የምትጽፉ ከሆነ አብሯችሁ ከሚኖረው ሰው ጋር ሰዓቱን ተነጋገሩበት። እሱም የእናንተን ጊዜ ይፈልጋል።

ድክመቱንም ልናገር። ቋንቋው ደረቅ ነው። የሰዎቹን መልክና ውስጥ አያሳያችሁም። ከመጽሐፍ መጽሐፍ አካሄዱ ይመሳሰላል። ግን የችሎቱ ምልልስ ሲጀመር መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅታችኋል፤ ምክንያቱም ምስክር እንዴት እንደሚዋሽ ያውቃል።

ያንን እውቀት ለልቦለድ ብቻም አላዋለው። አንድ ሞት የተፈረደበት ሰው ጠበቃ እርዳን ሲለው መዝገቡን አስመጥቶ አነበበ። ምስክሮቹ በየሰዓቱ የት እንደነበሩ በቅደም ተከተል ደረደረ። ሲያያይዘው ተከሳሹ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ሊገኝ አይችልም። ለባለሥልጣናት ጻፈ፤ የሞት ፍርዱ ተለወጠ። በ1948 አርጎሲ ከሚባል መጽሔት ጋር ሆኖ በስህተት የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚመረምር ቡድን አቋቋመ። «የመጨረሻው ይግባኝ ችሎት» አሉት። የፎረንሲክ ሐኪም፣ የግል መርማሪ፣ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ባለሙያ ነበሩበት። ሥልጣን የላቸውም፤ ያገኙትን መጽሔቱ ላይ ያወጡታል። በዚህ ጥረት ከእስር የወጡ ሰዎች አሉ። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የቤት ሥራው የእኔ አይደለም፤ የሬይመንድ ቻንድለር ነው። ቻንድለር በቋንቋው ከጋርድነር እጅግ የሚበልጥ ጸሐፊ ሆኗል። የነዳጅ ኩባንያ ሥራውን አጥቶ በ40ዎቹ ዕድሜው መጻፍ ሲጀምር ግን ምንም አያውቅም ነበር። የጋርድነርን አንድ ታሪክ ወሰደ። ዝርዝር ንድፉን አወጣ። ዋናውን ዘግቶ ከንድፉ ታሪኩን በራሱ ጻፈ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አነጻጸረና የጎደለውን እንደገና ጻፈ። ይህን ለጋርድነር ራሱ በደብዳቤ ነግሮታል። የተለማመደበትን አላሳተመም። ከዚያ የራሱን የመጀመሪያ ታሪክ አምስት ወር ፈጅቶ ጻፈ፤ ብላክ ማስክ በ1933 በ180 ዶላር ገዛው። ጋርድነር ፈጣን፣ ቻንድለር ቀርፋፋ፤ ሁለቱም ግን አንድ ገጽ ደግመው ለመጻፍ አልሰነፉም።

እናንተም የምትወዱትን አንድ አጭር ልቦለድ ምረጡ። እያንዳንዱ ትዕይንት ምን እንደሚሠራ በአንድ በአንድ መስመር ጻፉ። መጽሐፉን ለሰው ስጡና ለአንድ ሳምንት ከዓይናችሁ አርቁት። ከንድፉ ብቻ ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን አስመልሱና አንቀጽ በአንቀጽ አስተያዩ። እሱ በሁለት መስመር ያለፈውን እናንተ አንድ ገጽ የፈጃችሁበትን ቦታ በእርሳስ አክብቡት። ለእኔ የምትልኩልኝ ያንን ያከበባችሁትን ገጽ ነው፤ አዲሱን ረቂቅ ጨምራችሁ።