ባትሪው ሰኔ 30ን አያውቅም

ልጆቼ፣ ከአቃቂ ነው የምጽፍላችሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቶበታል። ጎረቤቴ ማታ ማታ ገመዱን በመስኮት አውርዶ ይሰካል። መብራት ሲጠፋ እርግማኑ አጥር ዘሎ እኔ ጋ ይደርሳል። «ጋሼ፣ ይሄን ባትሪ ግን ማን ነው የሠራው?» አለኝ አንድ ቀን።

መልሱ አጭር አይደለም። ጆን ጉድኢናፍ ኦክስፎርድ ሆኖ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ የተባለው ውህድ ለባትሪ እንደሚሆን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሶኒ ባትሪውን ገበያ ያወጣው በ1991። የኖቤል ሽልማቱ በ2019 ሲመጣ ሰውዬው 97 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ብዙ መኪና ላይ ባለው የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ቅይጥ ደግሞ አርጎን የተባለው የምርምር ተቋም ትልቅ ድርሻ አለው፤ የአሜሪካ መንግሥት በኢነርጂ ሚኒስቴሩ በኩል በጀት ከሚመድብላቸው 17 ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች አንዱ ነው። ነጋዴ ይህን ያህል ዓመት አይጠብቅም። አልፈርድበትም፤ እኔም በጡረታ ብሬ አልጠብቅም። መጠበቅ የሚችለው መንግሥት ነው።

የእኛ በጀት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል።

በወጣትነቴ የምሠራበት ቤተ ሙከራ የትራንስፎርመር ዘይት መመርመሪያ ማሽን ተገዛለት። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። በስምንተኛው ወር አንዲት ጎማ ተበጠሰች፤ የጣት ቀለበት የምታክል ነገር። ማሽኑ የተገዛው በካፒታል በጀት ነው። ለየዓመቱ ሥራ ማስኬጃ የሚመደበው መደበኛው በጀት ላይ ደግሞ «መለዋወጫ» የሚል መስመር አልነበረም። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰኔ ደረሰ፣ የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። ማሽኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ለብሶ ተቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ የሻይ ፔርሙሷን ታሳርፍበት ነበር።

የአፍሪካ መንግሥታት ከአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ተስማምተዋል። ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያቺ ጎማ ናት።

ስለዚህ አንድ ቤተ ሙከራ ስትቀጠሩ «ምን ማሽን አላችሁ?» አትበሉ። «ሲበላሽስ?» በሉ። የምርምር ዕቅድ ስትጽፉ የጥገናውን መስመር አስገቡ። ይሰርዙባችኋል። በዓመቱ መልሳችሁ አስገቡ።

እንደሚሰርዙት የማውቀው ኋላ አለቃ ሆኜ ስለነበር ነው። በጀት ቀንሱ ሲባል መጀመሪያ እስክሪብቶዬን ያሳረፍኩት እዚያው መስመር ላይ ነው።