አሥራ ስድስት ሜትር ተኩል

ይድረስ አጥቂ መሆን ለምትፈልጉ ልጆች፤

ሆላንዳዊው ሩድ ቫን ኒስተልሮይ ለማንቸስተር ዩናይትድ በ219 ጨዋታ 150 ጎል አግብቷል። ከሳጥን ውጪ የተመታችው አንዲት ናት። የቀሩት 149ኙ ከጎሉ መስመር 16.5 ሜትር በማይርቅ፣ ወርዱ 40 ሜትር ገደማ በሆነ መሬት ላይ የተገኙ ናቸው። እናንተ ግን ልምምድ ላይ ኳስ ሲደርሳችሁ የሚቀድማችሁ ከ25 ሜትር መለጋት ነው። ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው።

«ዕድለኛ ነው፤ ኳስ እግሩ ሥር ትወድቅለታለች» የሚሉት ብዙ ነበሩ። የሚሉት ኳሷን ብቻ ስለሚያዩ ነው። ኳሷ ገና ክንፍ ላይ ሳለች እሱን ብታዩት ኖሮ ሥራው ግማሹ ማለቁን ትረዱ ነበር። ተከላካይ ኳስንና አጥቂን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከፊቱ ሳይሆን ከኋላ ትከሻው በኩል ቁሙ፤ እናንተን ለማየት አንገቱን ማዞር ይኖርበታል፣ ባዞረ ቁጥር ደግሞ ኳሷን ያጣታል። ከዚያ ሁለት ቀርፋፋ እርምጃ ወደ ሩቁ የጎል ቋሚ ሂዱ። ተከላካዩ ክብደቱን ወደዚያው ሲጥል በፊቱ አቋርጣችሁ ወደ ቅርቡ ቋሚ ፈትለክ በሉ። ወይም ተቃራኒውን አድርጉ።

አብዛኞቻችሁ የምትበላሹት ሰዓቱ ላይ ነው። ከክንፍ ኳስ የሚልክላችሁ አሻጋሪ ቀና ሲል መሮጥ ትጀምራላችሁ፣ ከኳሷ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ፣ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። የቆመን አጥቂ ማንም ይይዘዋል። ቀና ሲል ማታለያዋን እርምጃ ጀምሩ፤ ፈጣኗን ሩጫ ግን አሻጋሪው ለመምታት እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ ብቻ።

አመታቱን በተመለከተ፦ ዝቅ አድርጎ፣ በእግር ውስጠኛ ጎን፣ በረኛውን አሻግሮ ወደ ሩቁ ቋሚ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ቅርቡ ቋሚ የተመታች ኳስ በረኛው ሲመልሳት ብዙ ጊዜ ወደ ማዕዘን ትወጣለች። ወደ ሩቁ የተመታችው ብትመለስም የምትመለሰው ወደ ሜዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሌላ ሰው ሊያገኛት ይችላል። ጓደኛችሁ ሲመታ ደግሞ ቆማችሁ አትመልከቱ። ሁልጊዜ ወደ ትንሿ ሳጥን፣ ወደ 5.5 ሜትሯ ግቡ። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ቫን ኒስተልሮይም ባዶ እጁን ይመለስ ነበር፤ ልዩነቱ በሚቀጥለውም ሄዶ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከመጋቢት እስከ ነሐሴ በተከታታይ 10 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ጎል ያገባው እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

መለማመጃው ውድ አይደለም። ሁለት ድንጋይ በአሥር መካከለኛ እርምጃ አራርቁ፤ የጎሉ ወርድ 7.32 ሜትር ነው፣ ይቀራረባል። አንድ ጓደኛ ከቀኝ አሥር፣ ከግራ አሥር ኳስ ያሻግርላችሁ። አንድ ንክኪ ብቻ፤ ማቆም የለም። የምትቆጥሩት ጎሉን ሳይሆን በሰዓቱ የደረሰውን ሩጫ ይሁን። ከሃያው አሥራ አምስቱ በሰዓቱ ከደረሱ ጎሉ ራሱ ይመጣል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። እግር ሲዝል ሩጫው ይዘገያል፣ የዘገየ ሩጫ መደጋገም ደግሞ መዘግየትን መልመድ ነው።

ስለ መቸኮልም ልንገራችሁ። ቫን ኒስተልሮይ ያደገው በሆላንድ በጌፈን መንደር ነው፤ የመጀመሪያ ክለቡ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልታሰበ» እንደማለት ነው። በ1993 በሁለተኛው ዲቪዚዮን ለዴን ቦሽ ክለብ መጫወት ጀመረ፤ መጀመሪያ አጥቂ እንኳ አልነበረም፣ ከመሀል ሜዳ ነው ወደ ፊት የመጣው። እዚያ አራት ዓመት ቆየ። እኔ እንደ ኪሳራ አላየውም፤ መሀል ሜዳ የተጫወተ ልጅ ኳስ አቀባዩ ቀና ሲል ምን እንደሚያይ ያውቃል። በ1997 ሄረንቬን ገብቶ 13 የሊግ ጎል አገባ፣ በዓመቱ ፒኤስቪ በሁለት የሆላንድ ክለቦች መካከል እስከዚያ ባልታየ ዋጋ ወሰደው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በ34 የሊግ ጨዋታ 31 ጎል፣ በሁለተኛው በ23 ጨዋታ 29 አገባ።

ከዚያ ጉልበቱ። ሚያዝያ 2000 ወደ ዩናይትድ የሚያደርገው ዝውውር በጉልበቱ ጥርጣሬ ምክንያት ተቋረጠ፤ በቀናት ውስጥ ልምምድ ላይ የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት የቅልጥሙ አጥንት ከጭኑ አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መልሶ አይገጥምም፤ ሐኪሙ ከእግር ሌላ ጅማት ወስዶ ይተካዋል።

እናንተ ላይ ቢደርስ ምልክቱን እወቁ። ብዙ ጊዜ ሰው ሳይነካችሁ፣ ስትዞሩ ወይም ዘላችሁ ስታርፉ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እብጠት። ወደ ሰፈር ወጌሻ ሮጣችሁ አታሳሹት። እብጠቱ የደም ሊሆን ይችላል፣ መታሸት ያባብሰዋል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉበት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት፣ ወደ አጥንት ሐኪም ሂዱ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወጥመዱ ሕመሙ ቶሎ መጥፋቱ ነው። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት እየደከመ ሄዶ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው። በአራተኛው ወር ምንም አያማችሁም፣ ቀጥ ብላችሁም ትሮጣላችሁ፤ ውስጡ ግን ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው እግርን እስከ መጨረሻው መዘርጋት፣ እብጠት ማጥፋት፣ የጭን ጡንቻን መቀስቀስ ነው። ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ብስክሌት፣ ከሦስት አራት ወር ወዲያ ቀጥታ ሩጫ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መዞርና መዝለል። ጨዋታ ከዘጠኝ ወር በፊት አይታሰብ። ሜትር ካላችሁ ፈትኑት፦ በአንድ እግር ዘላችሁ በዚያው እግር እረፉ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ጤነኛው 150 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ የታከመው ቢያንስ 135 ይዝለል። ካልደረሰ፣ አሰልጣኙ ቢለምናችሁም አትግቡ። የመጨረሻው ቃል ደግሞ የሐኪሙ ነው።

ቫን ኒስተልሮይ ከዓመት ገደማ በኋላ ሲመለስ ለፒኤስቪ በ10 የሊግ ጨዋታ ያገባው 2 ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙት። የተመለሰ እግር ወዲያው አያገባም፤ ሰዓቱ ጠፍቶበታል። ዩናይትድ ግን በ2001 በ19 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፣ በመጀመሪያው ዓመት 23 የሊግ ጎል፣ በሁለተኛው 25 የሊግና በጠቅላላው 44 አገባ። በሪያል ማድሪድም በ2006–07 በ25 ጎል የላሊጋው ኮከብ አግቢ ሆነ። በ2008 ጉልበቱ እንደገና ተጎዳ፣ ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሰው አልሆነም፤ ሃምቡርግና ማላጋ ተጫውቶ በ2012 በ35 ዓመቱ አቆመ።

የፍጹም ቅጣት ምት ነገር ይቀረኛል። የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ መስከረም 2003ን አትረሱትም፦ ዩናይትድና አርሰናል 0 ለ 0፣ ተጨማሪ ደቂቃ፣ የቫን ኒስተልሮይ ኃይለኛ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አግዳሚ። አርሰናል ያን ዓመት ሊጉን ሳይሸነፍ ጨረሰ። ከ13 ወር በኋላ በዚያው በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ፣ ከዚያው በረኛ ከሌማን ፊት እንደገና መታ፤ 73ኛው ደቂቃ ላይ አገባ፣ አርሰናል በሊጉ ሳይሸነፍ የሄደበት የ49 ጨዋታ ጉዞም እዚያው ቆመ።

ኃይለኛ ምት የሚወጣባችሁ ገላችሁን ወደ ኋላ ስለምትጥሉ ነው፤ ደረት ወደ ኋላ ከሄደ ኳስ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ አግዳሚው 2.44 ሜትር ላይ ነው። ኳሷን ከማስቀመጣችሁ በፊት ማዕዘኑን ምረጡ፣ ከመረጣችሁ አትቀይሩ፣ የማይመታው እግር ከኳሷ ጎን ይቁም፣ ደረታችሁ በኳሷ ላይ ይሁን። የምትለማመዱት ደግሞ ሳትደክሙ አይደለም። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሮጣችሁ፣ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ አምስት ምቱ፣ ጓደኞቻችሁም እየጮኹ ይረብሿችሁ።