ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር

ጥያቄ፦ መኪናዬ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ባለ ኢንጀክተር ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። 25 ደቂቃ ያህል ከነዳሁት በኋላ ግን ሳይንገጫገጭ ድንገት ይጠፋል። ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ካቆምኩት ምንም እንዳልነበረበት ተነስቶ ይሄዳል። የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ነው፤ የቼክ ኢንጅን መብራትም አይበራም። ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮና ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ምን ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። የእርስዎ መኪና ብልሽት የሚኖረው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ጋራዥ ሲደርስ ቀዝቅዟል፤ መካኒኩ የሚመረምረው ጤነኛ መኪና ነው፣ ዕቃውም የሚቀየረው በግምት ይሆናል። መያዝ ያለበት በጠፋበት ቦታና ሰዓት ነው።

ለመመርመር በቂ ጊዜ አለዎት። ሞተር ሲጠፋ ወዲያው መቀዝቀዝ አይጀምርም። የውሃ ፓምፑ ቆሟል፣ ንፋስም አይገባም፤ የብረቱ ሙቀት ወደ አካባቢው ዕቃዎች ስለሚዛመት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ድረስ በኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት እንዲያውም ይጨምራል። ብልሽቱ አምስት ደቂቃ ቆሞ ሲሞከር የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናው ውስጥ የሚከተሉትን ይያዙ፦ መልቲሜትር፣ የኮምፒውተር ኮድ ማንበቢያ፣ ከቀየሯቸው አሮጌ ካንዴላዎች አንዱን፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃና ጨርቅ።

ሲጠፋ መጀመሪያ ደህና ቦታ ያቁሙ። ሞተር የሌለው መኪና መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም እገዛ የሚያገኘው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ስለሆነ ደጋግመው ሳይሆን አንዴ ረግጠው ይያዙት። የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። እጅዎን ከፋኑ ያርቁ፤ ቁልፉ ጠፍቶም ሊዞር ይችላል።

ከዚያ ኮድ ማንበቢያውን ሰክተው ሞተሪኖውን እያዞሩ የአርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ቁጥሩን ይዩ። ሞተሪኖ ሞተርን በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ዙር ያህል ያዞራል፤ ማንበቢያውም ይህን ማሳየት አለበት። ሞተሩ እየዞረ ዜሮ ካለ ኮምፒውተሩ መዞሩን አያውቅም ማለት ነው፤ ስለዚህ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። ጣትዎን ወደ ክራንክ ሴንሰሩ፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ ወደሚነግረው ዕቃ፣ ይጠቁሙ።

ከጥያቄዎ ስነሳ የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ እሱ ነው። ነዳጅ የሚያጥረው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፋቱ በፊት ይጎትታል፣ ይንገጫገጫል። ቁልፍ እንደተነቀለበት ጸጥ የሚል ሞተር ግን ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ነው። ባለ ሁለት ሽቦው ክራንክ ሴንሰር ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነካካል። ኮድ የማይመዘገበውም ለዚህ ነው፤ ምልክቱ በድንገት ሲጠፋ ብዙ ኮምፒውተሮች ሞተሩ በባለቤቱ የጠፋ ይመስላቸዋል። ከተመዘገበ ብዙውን ጊዜ ፒ0335 ነው።

ሶኬቱን ነቅለው በሴንሰሩ ሁለት እግሮች መካከል ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ይለኩ። የቀዝቃዛውን ቁጥር አስቀድመው ጠዋት ይመዝግቡ። መዳብ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 4 በመቶ ያህል ተቃውሞው ይጨምራል፤ ስለዚህ በ20 ዲግሪ 1000 ኦም የነበረው በ90 ዲግሪ 1270 ገደማ ቢሆን ጤነኛ ነው፣ በዚህ አይደናገጡ። ቁጥሩ ማለቂያ የሌለው ከሆነ ወይም ሽቦውን ነካ ሲያደርጉ የሚዘል ከሆነ ግን ተገኝቷል። ባለ ሦስት ሽቦው ዓይነት በኦም አይለካም፤ እሱን ቁልፉ በርቶ በሶኬቱ ላይ እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት መምጣቱን፣ ከዚያም ሲዞር የምልክት ሽቦው ቮልት መለዋወጡን ይዩ።

ማረጋገጫው ጨርቁ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ሴንሰሩ ላይ ብቻ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይያዙ፤ የሞተሩ ብረት ላይ ውሃ አይድፉ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላው ሁሉ እንደጋለ ሆኖ ሞተሩ ከተነሳ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ሴንሰሩን ከማዘዝዎ በፊት ግን ሶኬቱንና ወደ ማርሚታው የተጠጋውን ሽቦ በደንብ ይዩ፤ ልባሱ ደርቆ የተሰነጠቀ ሽቦ ልክ እንደ ሴንሰሩ ያደርጋል።

አርፒኤሙ ከታየ አሮጌውን ካንዴላ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ኮይል ላይ ሰክተው ብረቱን ከሞተሩ ንጹህ ብረት ጋር ያገናኙና ያዙሩ። በእጅዎ አይያዙት። እሳት ከሌለ ኮይሉ ለሁሉም ሲሊንደር አንድ ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ኮይል ካለው ግን አራቱ በአንድ ጊዜ አይሞቱም፤ የጋራ የሆነውን ፊውዝ፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) እና የምድር ሽቦ ይመርምሩ።

እሳት ካለ አሮጌውን ካንዴላ አንስተው ኮይሉን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስፕሬዩን ከአየር መለኪያ ሴንሰሩ ወዲያ ባለው ቱቦ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ነፍተው፣ ቱቦውን ዘግተው ያዙሩ። ለአፍታ ተነስቶ ከጠፋ ያጣው ነዳጅ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ በነዳጅ ፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልት ይለኩ፤ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ መራቅ የለበትም። ቮልት ከሌለ ሪሌውን ከሌላ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ይቀያይሩ፤ በውስጡ የተሰነጠቀ ብየዳ ሲሞቅ ይከፈታል። ቮልት እያለ ፓምፑ ዝም ካለ የታንኩን ታች በጎማ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ከተነሳ ፓምፑ አልቋል። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ስለሆነ ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን የሚብስ ከሆነ ይህም ጠቋሚ ነው።

እሳቱም ነዳጁም ካለ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ያዙሩ፤ ብዙ ኮምፒውተሮች በዚህ ጊዜ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋሉ። በዚህ ከተነሳ ነዳጅ አጥለቅልቆታል፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ይለኩ። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ሞተር ግን ቀድሞ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ የእርስዎ ይህን አይመስልም።

ክራንክ ሴንሰሩ ከሆነ መቀመጫውን ያጽዱ፣ የጎማ ቀለበቱን በሞተር ዘይት ቀብተው ያስገቡ፣ ብሎኑን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ያጥብቁ፣ ሽቦውን ከማርሚታው አርቀው ይሰሩ። ከዚያ 40 ደቂቃ ነድተው ያጥፉት፣ 10 ደቂቃ ቆይተው ያስነሱት። ይህን ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት እስኪያልፍ ድረስ ፈጣን መንገድ ላይ አይውጡበት።