«ይስተካከላል» ሲባል የሚያልቀው ስድስት ወር

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በሳምንት ስድስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት እንሠራለን። ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል የትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም፤ ስንጠይቅ «ይስተካከላል» ይሉናል። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንችላለን ወይ? ካልሰሙን ሁላችንም እርምጃ ለመውሰድ ተስማምተናል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «እርምጃ» ያሉት ምን እንደሆነ አልነገሩንም። ሥራ ማቆም ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና መድኃኒት ቤትን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ከሚሰጡት ድርጅቶች ስለመደባቸው፣ እናንተ አድማ የመምታት መብት የላችሁም። በአንድ ቀን ሁላችሁም «አሞኛል» ብላችሁ ብትቀሩም ያው አድማ ነው። የጋራ ጥያቄያችሁ ሁለቱን ወገን በሚያቀራርብ አስማሚ፣ ካልሆነም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይታያል።

ማኅበሩን ማቋቋም ትችላላችሁ። ድርጅቱ አሥር ሠራተኛ ካለውና አባላቱ ከአሥር ካላነሱ ይበቃል። መሥራች ጉባኤ ጥሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቁ፣ መሪዎች ምረጡ፣ ከዚያ ለምዝገባ አቅርቡ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በዚህ ያግዛችኋል። በማኅበር አባልነት ሠራተኛን ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው፤ ሆኖም ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። እርስዎ ራስዎ አስተባባሪ ወይም የክፍል ኃላፊ ከሆኑ ግን ሥልጣንዎ ምን ድረስ እንደሆነ በቅድሚያ ጠበቃ ይየው፤ አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም።

ስለ ሂሳቡ፦ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። እናንተ 72 ትሠራላችሁ፤ ትርፉ 24 ሰዓት፣ ሕጉ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ግን በሳምንት 12 ነው። ብዙዎች ሌሊቱ በሙሉ በሌሊት ሂሳብ የሚከፈል ይመስላቸዋል። አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት መደበኛ ናቸው። ትርፉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል፤ እስከ ንጋቱ 12 ያለው ሁለት ሰዓት በ1.75፣ ከ12 እስከ ጠዋቱ 2 ያለው ሁለት ሰዓት በ1.5 ይባዛል። የሰዓት ደመወዝዎ 50 ብር ቢሆን፣ ለአንድ ሌሊት 175 እና 150፣ በድምሩ 325 ብር ይደርስዎታል። የዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይታሰባል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ስንጠይቅ» ብለዋል፤ በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ መቼ፣ ለማን እንደሆነ አልጻፉም። በቃል እንደሆነ እገምታለሁ። ነርሶች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። የየወሩ ክፍያ የየራሱ ቆጠራ አለው፤ ከመስከረም ደመወዝ ጋር መከፈል የነበረበት የመስከረም ትርፍ ሰዓት መጋቢት መጨረሻ ላይ ያበቃለታል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ይርጋን ካነሳ፣ ከአንድ ዓመት ተኩሉ የመጀመሪያው አንድ ዓመት ያህል ሄዷል ማለት ነው። ይህን መስማት እንደሚያም አውቃለሁ፤ ግን በየወሩ አንድ ወር ተጨማሪ እየሄደ ስለሆነ ማለስለስ አልፈልግም።

«ይስተካከላል» የሚለው የቃል ተስፋ ቆጠራውን አያቆመውም። ለሰው ኃይል ክፍል የምታስገቡት አቤቱታም ብቻውን አያቆመውም፤ ገቢ ሆኖ ማኅተም ቢያርፍበትም። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቀረበ ክስና አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ፣ ወይም ከፊሉን መክፈሉ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ስትጽፉ ልመና አይሁን፤ ወሩን፣ የሌሊቱን ብዛት፣ የሰዓቱን ድምር ዘርዝራችሁ የጽሑፍ መልስ ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ «በጀት ሲለቀቅ እንከፍላለን» ብሎ በቴሌግራም ቢመልስ እንኳ አትሰርዙት፤ ዕዳን በጽሑፍ እንደማመን ይቆጠር አይቆጠር ጠበቃ አይቶ ይነግራችኋል። መልሱን እየጠበቃችሁ ግን ክሱን አታዘግዩ፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ማስረጃ ስትሰበስቡ የተረኝነት ሮስተሩን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የሥራ ውሉን ኮፒ ያዙ። የታካሚ ካርድ ፎቶ ግን ፈጽሞ አታንሱ፤ በሌሊት መሥራታችሁን ለማሳየት ብላችሁ የታካሚን ምስጢር ብታወጡ፣ አሠሪው ለማሰናበት የሚፈልገውን ምክንያት ራሳችሁ ትሰጡታላችሁ። የአሻራ መዝገቡንና የርክክብ ደብተሩን ሆስፒታሉ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ ይችላል፤ የትርፍ ሰዓት መዝገብ መያዝም የአሠሪው ግዴታ ነው።

በዚህ ሳምንት ወረቀቶቹን ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ። እስከዚያው «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ፣ ጠበቃዎ ሳያየው አይፈርሙ።