«የምንጠያየቀው የለም» ብሎ መፈረም ምን ያህል ይዘጋል?

ጥያቄ፦ ስንፋታ ሽማግሌዎች የንብረት ክፍፍል ስምምነት ጻፉልን፤ ደሴ ላይ ፍርድ ቤት አጸደቀው። «ቤቱ ለእሷ፣ የጭነት መኪናው ለእሱ፤ ከእንግዲህ የምንጠያየቀው የለም» ይላል። አሁን በትዳር ሳለን በስሙ የገዛው ሱቅ እንዳለ ደረስኩበት። ጭራሽ ሰርቪስ ክፍሎቹም «ቤቱ» በሚለው ውስጥ አይገቡም እያለኝ ነው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የሚያስፈራዎትን ያህል አይዘጋም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3310 መሠረት በእርቅ ስምምነት መብትን የመተው ቃል በጠባቡ ነው የሚተረጎመው፤ «ሁሉንም ትቻለሁ» ቢባል እንኳ እንደተተወ የሚቆጠረው እርቁን ባስከተለው ክርክር ውስጥ የነበረው ብቻ ነው። ስለዚህ ጭብጡ ሱቁ ያኔ ተነስቶ ነበር ወይ የሚለው ይሆናል። የቀድሞ ባለቤትዎ «ታውቅ ነበር፣ በቤቱ አካክሰነዋል» ማለታቸው አይቀርም። ከፍቺው መዝገብ የንብረት ዝርዝሩን ግልባጭ ያውጡና ከሱቁ የግዢ ውል ጋር አያይዘው ሱቁ ብቻ እንዲከፈል ይጠይቁ። በትዳር የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። ተታልያለሁ ብለው ስምምነቱ በሙሉ ይፍረስልኝ እንዳይሉ አደራ! ከፈረሰ ቤቱም ወደ ክፍፍል ይመለሳል።

ሰርቪሱ ላይ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ቃሉን ነው። የቤት ቁጥሩና የካርታው ስፋት ተጽፎ ከሆነ ቃሉ ግልጽ ነው፤ በቁጥር 1733 ዳኛው ከዚያ ወጥቶ ሐሳብ አይፈልግም። «ቤቱ» ብቻ ከተባለ ግን በቁጥር 1734 የሁለታችሁ የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል፤ ከውሉ በፊትና በኋላ ያደረጋችሁት ይመዘናል። ከፈረማችሁ ወዲህ የሰርቪሱን ኪራይ የተቀበለው ማን ነው? እርስዎ ከሆኑ የተከራዮቹን ውልና ደረሰኝ ይያዙ። ሽማግሌዎቹም አሻሚውን ቃል ለማብራራት ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ በግልጽ የተጻፈውን ለማፍረስ ግን በቁጥር 2006 ምስክርነታቸው አይሰማም።

ጥያቄ፦ ስንፋታ የባንኩን ዕዳ የቀድሞ ባለቤቴ ሊከፍል ተስማምተን ጸድቋል፤ ባንኩ ግን እኔን ይጠይቃል። (ከደሴ)

መልስ፦ ባንኩ አልፈረመበትም፤ ስምምነታችሁ አያስገድደውም። የብድር ውሉ ላይ ፈርመው ከሆነ ይጠየቃሉ። ለባንኩ የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ስምምነቱን ባጸደቀው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ይክፈቱና የከፈሉትን ከእሳቸው ያስመልሱ።