ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ፓኬጅ፣ ሁለት ዋጋ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ሜሪላንድ ሆኜ ትንሽ የሆስቲንግ ሥራ እሠራለሁ። ሰርቨሩን ከጀርመን ተከራይቼ የሐበሻ ሱቆችንና የምግብ ቤቶችን ድረ ገጽ አስተናግዳለሁ። ደንበኞቼ አሜሪካ፣ ፍራንክፈርት፣ ዱባይና አዲስ አበባ ናቸው። ሒሳቡን የማስኬደው በደብሊው ኤች ኤም ሲ ኤስ (WHMCS) ነው፣ የሆስቲንግ ደንበኞችን ኢንቮይስና ክፍያ በሚይዘው ፕሮግራም። ሰሞኑን ፍራንክፈርት ያሉ ሁለት ጓደኛሞች ኢንቮይሳቸውን ሲያስተያዩ፣ የአንዱ በዓመት 116.50 ዩሮ፣ የሌላው 102.56 ዩሮ ሆኖ አገኙት። የወሰዱት ፓኬጅ ግን አንድ ነው። ‘አጭበረበርከን’ አሉኝ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞስ የዱባዩን በድርሃም፣ የአዲስ አበባውን በብር ላስከፍል?»

ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ያዘዝከውን ነው የሠራው።

ያልጻፍክልኝን ልገምት። ዋናው ገንዘብህ ዶላር ነው፣ ፓኬጁም በዓመት 120 ዶላር። አንደኛው ደንበኛ የገባው በ2025 ጃንዋሪ፣ ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጁን መጨረሻ ላይ ነው። ጃንዋሪ ላይ አንድ ዩሮ 1.03 ዶላር ገደማ ነበር። ጁን ሲያልቅ 1.17 ደርሷል። 120ን ለሁለቱም አካፍለው፤ ጓደኛሞቹ የተጣሉበት ቁጥር ቁጭ ይልልሃል።

ደብሊው ኤች ኤም ሲ ኤስ ውስጥ የአውቶሜሽን (በራሱ የሚሠራ ሥራ) ማስተካከያው ገጽ ላይ የሚበሩና የሚጠፉ፣ ከበሩ በየቀኑ የሚሠሩ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ የምንዛሪ ተመኑን ያድሳል። ሌላው የምርቶችህን ዋጋ በአዲሱ ተመን እንደገና ያሰላል። አንተ ሁለቱንም አብርተሃል። ሁለተኛው ለአዲስ ደንበኛ የሚታየውን መሸጫ ዋጋህን በየቀኑ ይቀያይረዋል እንጂ የቆየ ደንበኛን አይነካም። ደንበኛው የገባ ዕለት የነበረው ዋጋ በአገልግሎቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል፣ እድሳቱም በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ሃያ የዩሮ ደንበኛ ካለህ ሃያ ዓይነት ዋጋ ሊኖርህ ይችላል። እስካሁን ሁለቱ ብቻ በመገናኘታቸው ዕድለኛ ነህ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተመኑን ምልክት እንደበራ ተወው፣ ለሪፖርት ይጠቅምሃል። የዋጋውን ግን ዛሬውኑ አጥፋው። ከዚያ እያንዳንዱን ፓኬጅ ክፈትና በዩሮው ረድፍ ላይ ዋጋውን በእጅህ ጻፍ፤ ለምሳሌ 109 ዩሮ። ዩሮ ወጣ ወረደ ብለህ በየሳምንቱ አትነካካው። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። ከ5 በመቶ በላይ ካልተንቀሳቀሰ ባለበት እተወዋለሁ። ሱቅ የገባ ሰው ትናንት 109 ያየውን ዛሬ 107.83 ሆኖ ካገኘው ቅናሽ አገኘሁ አይልም፣ ዋጋው አለቃ የለውም ነው የሚለው።

ዋጋውን በእጅ ስትሞላ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው የሚሞላው ዋናውን ፓኬጅ ብቻ ነው። ተጨማሪዎቹን ይረሳል፦ ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን)፣ ተጨማሪ ቦታውን፣ ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስም)። በዩሮ ዋጋ ያልተጻፈለት ነገር ዜሮ ሆኖ ሊሸጥብህ ይችላል። ከጨረስክ በኋላ እንደ ደንበኛ ሆነህ ግባ፣ ዩሮን ምረጥ፣ ሁሉንም ነገር ቅርጫት ውስጥ ክተትና ድምሩን እይ።

አሁን ስንት ዓይነት ገንዘብ ትክፈት? እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ሲገባ የት ታውለዋለህ?

ዩሮ ይገባሃል። የሰርቨር ኪራዩን በዩሮ ነው የምትከፍለው። የፍራንክፈርቶቹ ዩሮ ወደ ዶላር ተቀይሮ፣ ከዚያ ለኪራይ እንደገና ወደ ዩሮ ከተቀየረ ሁለት ጊዜ ተቆረጥክ ማለት ነው። እንደ ዋይዝ ያለ ብዙ ዓይነት ገንዘብ የሚይዝ አካውንት ክፈትና የአውሮፓ ደንበኞችህ በባንክ ዝውውር ዩሮውን እዚያ ያስገቡልህ። ኪራዩን ከዚያው ክፈል። ያኔ ዩሮ ቢወጣም ቢወርድም ገቢህና ወጪህ አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ድርሃም ግን ምን ያደርግልሃል? ድርሃም ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ታስሮ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ዱባይ ያለው ደንበኛህ 120 ዶላር ስትለው 441 ድርሃም መሆኑን ካልኩሌተር ሳያወጣ ያውቀዋል። በድርሃም ብታስከፍለው ለአንተ ተጨማሪ ወጪ ነው። በካርድ የሚከፈለውን የሚቀበልልህ የስትራይፕ መደበኛ ዋጋ በአሜሪካ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ካርዱ የውጭ አገር ከሆነ 1.5 በመቶ፣ ምንዛሪ ካለበት ደግሞ 1 በመቶ ይጨመራል። ከ120 ዶላር ላይ 6.78 ሄደ። በዶላር ብታስከፍለው 5.58 ነው። የሱ ባንክ ከራሱ ትንሽ ሊቆርጥበት ስለሚችል ኢንቮይሱ ግርጌ ላይ «የባንክዎ የምንዛሪ ኮሚሽን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም» ብለህ ጻፍ። ያቺ አንድ መስመር ብዙ ስልክ ታስቀርልሃለች። ድርሃም ካልከፈትኩ ብለህ ድርቅ ካልክ፣ ተመኑን ራስህ ሙላው። ፕሮግራሙ ተመን የሚያመጣው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ድርሃም የለም።

ብርም የለም። ወደ ብር እንምጣ።

ሜሪላንድ ተቀምጠህ በብር ኢንቮይስ ብትቆርጥ ብሩን የት ታስገባዋለህ? ዘመድ አካውንት ውስጥ? ከዚያስ እንዴት ይወጣል? በጓሮ ምንዛሪ እንዳትለኝ። በብር መሸጥ ከፈለግህ አዲስ አበባ ውስጥ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ግብር የሚከፍል ድርጅት ይሽጥ። አንተ ለእሱ ቴክኒኩን ሥራለት።

እኔ እንደዚያ ከሸሪክ ጋር ሠርቼ የተመታሁት በተመኑ ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ እያለ 60 ዶላር የሚያወጣውን ፓኬጅ በ3,420 ብር ለዓመት ሸጥን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የተቀበልነው ብር 34 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። ሰርቨሩን የምናስተዳድርበት የሲፓናል ፕሮግራም የፈቃድ ሒሳብ ግን በየወሩ በዶላር መምጣቱን አላቆመም። ደንበኛውን «ጨምር» ማለት አይቻልም፣ ለዓመት ከፍሏል። ዓመቱን ሙሉ ከኪሳችን እየደጎምን አሳለፍነው።

ከዚያ ወዲህ በብር የዓመት ዋጋ አይታሰብም። ደብሊው ኤች ኤም ሲ ኤስ ለእያንዳንዱ ገንዘብ የትኛው የክፍያ ጊዜ እንዲታይ መምረጥ ያስችላል። በብሩ ረድፍ ላይ የሦስት ወሩን ብቻ ክፈት፣ የዓመቱን ዝጋ። ተመን ቢዘልም የምትጎዳው ቢበዛ ሦስት ወር ነው።

ያንተ ጉዳይ ግን ይህ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባውን ሱቅ ሆስቲንግ የሚከፍለው ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ወይም ዴንቨር ያለች እህት ናት። እንደዚያ ከሆነ ብር የሚባል ነገር አያስፈልግህም። አካውንቱ በሱቁ ስም በዶላር ይሁን። ከፋዩን ዘመድ ኢንቮይስ የማየትና የመክፈል ፈቃድ ብቻ ያለው ተጠቃሚ አድርገህ ጋብዘው። ከስሪት 8 ወዲህ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ዘመድየው የባንክ ወረቀቱ ላይ የማያውቀው ስም ካየ «ይህን አልከፈልኩም» ብሎ ያስመልሳል። ስትራይፕ ደግሞ ለክርክሩ 15 ዶላር ይቆርጥሃል። ካርዱ ላይ የሚወጣውን የድርጅትህን ስም ሰው በሚያውቀው መንገድ አስተካክለው።

ገንዘብ መመለስ ሲኖርብህ፣ በዩሮ የተቀበልከውን በዩሮ መልስ፣ ያንኑ ቁጥር። በመሃል ተመኑ ተቀይሮ ከሆነ ልዩነቱ የአንተ ነው፣ ከደንበኛው ጋር አትከራከርበት። ለሒሳብ ሠራተኛህ ደግሞ ከእያንዳንዱ ክፍያ የዕለቱን ተመንና ባንክህ የገባውን ትክክለኛ መጠን መዝግብ። የአውሮፓን ቫት ጉዳይ ከእሱ ጋር ተነጋገርበት፣ በእኔ ደብዳቤ አይወሰንም።

የፍራንክፈርቶቹን ነገር አታሳድር። ዋጋው በዶላር ተሰልቶ በየቀኑ ይቀያየር እንደነበር፣ ከአሁን በኋላ ለሁሉም 109 ዩሮ መሆኑን ለሁለቱም በአንድ ኢሜይል ጻፍላቸው። 116.50 ለከፈለው 7.50 ዩሮ በሒሳቡ ላይ ክሬዲት አድርግለት፤ ለሚቀጥለው ኢንቮይስ ራሱ ይቀነስለታል። 102.56 የከፈለውን በቀጣዩ እድሳት ወደ 109 አሳድገው፣ ግን ቀድመህ ንገረው። ፕሮግራሙ ካልነካኸው ኢንቮይሱን ከመክፈያው ቀን 14 ቀን በፊት ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ማሳወቂያህ ቢያንስ ወር ቀደም ይበል። የቀሩትን የዩሮ ደንበኞች ዝርዝር አውጣና እነሱ ሳይገናኙ በፊት እንዲሁ አስተካክላቸው።