ሴራሚኩን ከማፍረስዎ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ ይወቁ

ጥያቄው የመጣው ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠያቂዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሻወር ቤታቸው ሴራሚክ አርጅቷል፣ መገጣጠሚያው ጠቁሯል፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ይነቃነቃል። ከታች ያሉት ጎረቤት ደግሞ «ጣሪያዬ ረጠበ» እያሉ ነው። የጠሩት ሠራተኛ ሁሉም ፈርሶ እንደ አዲስ ካልተሠራ አይሆንም አላቸው። «እቁብ ደርሶኝ 40 ሺህ ብር ይዣለሁ፤ ከዚህ በላይ የለኝም። ምን ላድርግበት?» ይላሉ።

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አይፍረስ። ገንዘብዎ መጀመሪያ ውሃውን ይገድብ፣ ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውሃው ሳይገደብ የተለጠፈ አዲስ ሴራሚክ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ይፈርሳል።

የሚያመልጠው ውሃ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ንጹህ ውሃ ከሚያመጣው መስመር ነው፣ ወይ ያገለገለውን ከሚያስወጣው። ይህን ለመለየት ሳንቲም አያወጡም። ውሃ በሚመጣበት ቀን የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይዩ። ምንም ሳይከፈት የሚዞር ከሆነ የሚያመልጥ አለ ማለት ነው። ሮቶ ካለዎት ወደ ሮቶው የሚሞላውን አስቀድመው ይዝጉት፣ አለበለዚያ ቆጣሪው እሱን ሲሞላ ይዞርና ያሳስትዎታል። ከሮቶው ወዲህ ያለውን መስመር ለማወቅ ደግሞ ማታ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርገው ይደሩ። ማንም ሳይጠቀም ጠዋት ዝቅ ብሎ ካገኙት ችግሩ እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን። ቀይ ሥር ሲቀቅሉ ውሃውን አይድፉት። ሲቀዘቅዝ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምሩትና ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይለቀው ያድርጉ። ከታች ሳህኑ ውስጥ ቀይ ካዩ የውስጡ ጎማ አልቋል። ሠራተኛ «ሙሉው ይቀየር» ካለዎት አይስሙት፤ የሳጥኑ የውስጥ ዕቃ ለብቻው ይሸጣል። አሮጌውን ነቅለው ይዘውት ይሂዱ፣ ባለሱቁ አይቶ ተመሳሳዩን ይሰጥዎታል። ሳጥኑ ቀስ ብሎ የሚሞላ ከሆነም ለመቀየር አይቸኩሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ አሸዋና ዝገት ይዞ ነው የሚገባው። ያ ሁሉ የመሙያው መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናታል። ውሃውን ዘግተው ፈተው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቧት።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ። የጎረቤትዎ ጣሪያ ጉዳይ የሚፈታው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አንድ ቀን ወለሉን አድርቀው ይዋሉ። ከዚያ በላስቲክ ቱቦ ውሃውን ወለሉን ሳያስነኩ በቀጥታ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ማስወገጃ ቀዳዳ ይልቀቁት። ሁለት ሦስት ባልዲ ይበቃል። ጎረቤትዎ ጣሪያቸውን እንዲያዩልዎ ይንገሯቸው። ከታች ከረጠበ ችግሩ ቱቦው ላይ ነው፤ በማስወገጃው ዙሪያ ጥቂት ሴራሚክ ተነስቶ ይጠገናል። ካልረጠበ በሌላ ቀን ቀዳዳውን በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፍነው ወለሉ ላይ ብቻ ትንሽ ውሃ ያስተኙ። ያኔ ከረጠበ ውሃው በመገጣጠሚያው በኩል እየሰረገ ነው።

በመገጣጠሚያው ከሆነ ሥራውን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። የጠቆረውን በጠባብ መሮ ወይም በአሮጌ ቢላ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይፋቁት። በላዩ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ሙሌት በወር ተላጦ ይወድቃል። አቧራውን በብሩሽ ያውጡ፣ መገጣጠሚያውን ረጠብ ያድርጉት፣ ግራውቱን፣ ማለትም የሴራሚክ መገጣጠሚያ መሙያውን፣ በጎማ እየተጫኑ ያስገቡ። ነጭ ሲሚንቶ ይረክሳል፣ ብዙ ሰውም እሱን ነው የሚገዛው። ለሻወር ወለል ግን ግራውቱን ይግዙ፣ ነጭ ሲሚንቶው ቶሎ ይሰነጠቃል። ትንሽ ጠንከር ሲል ስፖንጁን በደንብ ጨምቀው መስመሩን አቋርጠው በሰያፍ ይጥረጉ። በመስመሩ ርዝመት ከጠረጉት ሙሌቱን ቆፍሮ ያወጣዋል። ከዚያ አንድ ቀን ማንም አይታጠብበት።

ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን ጥግ ግን ግራውት አይሙሉት። ሁለቱ አካላት ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ጠንካራ ሙሌት እዚያ ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን ነው። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይዝም፣ ስለዚህ አሮጌውን እስከ መጨረሻው ያንሱት። ቦታው ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ላይ የተደረገ ሲሊኮን በጣት ሲስቡት እንዳለ ይነሳል። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ለሴራሚክ ይሆናል። መስታወት ለመለጠፍ ግን አይጠቀሙበት፣ የመስታወቱን ጀርባ ይበላዋል።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ግራውት የሚሰርገውን ውሃ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግድም። የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ነው። ይህን ሁሉ አድርገው ጣሪያው አሁንም ከረጠበ ያ መከላከያ አልቋል ወይም መጀመሪያውኑ አልተደረገም። ያኔ ወለሉ ይነሳል፣ ግድግዳው ግን ይቆያል። የግድግዳውን ሴራሚክ በመፍቻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩት። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ተጣብቋል፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል። የለቀቁት ብቻ ይነሱና ይለጠፉ።

የሚነቃነቀው መቀመጫ ላይ ሲሚንቶ እንዳያስፈስሱ። እዚህ አገር የተለመደ ነገር ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በሲሚንቶ የተያዘ መቀመጫ ሲነሳ ይሰበራል፣ ከሥሩ የሚያፈስ ከሆነም ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። በብሎን ይያዝ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ይደረግ፣ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ይተው። ከሥር ማፍሰስ ከጀመረ በዚያ ወጥቶ ይታይዎታል።

የቀረው ቀላል ነው። የመቀመጫ ክዳን ሲገዙ በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክተው ይሂዱ። የሻወሩን ራስ ፈትተው አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት፣ ቀዳዳውን የደፈነው ነጭ ቅርፊት ይለቃል። ጥቁር ሻጋታ በበረኪና ይነሳል። በረኪናና አቼቶ፣ ወይም በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ፣ በአንድ ላይ በፍጹም እንዳይገናኙ። ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፤ መስኮቷን ከፍተው በየተራ፣ በየመሃሉ በደንብ እያጠቡ ይሥሩ። የጣሪያው ቀለም የሚቀባው ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው። መስታወትና ደህና የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ቤቱን ከምንም በላይ ይቀይሩታል።

ቦይለር ለመስቀል ካሰቡ ግድግዳው ብሎኬት መሆኑን ያስታውሱ። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ይመዝናል። ተራ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ የብሎን መያዣ) አይችለውም፣ ግድግዳውን አልፎ ከወዲያ የሚታሰር ብሎን ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩን የመሬት ሽቦ አስሮ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው።

ሠራተኛ ሲይዙ ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ይነጋገሩ። ክፍያውን ከፋፍለው ይስጡ። የመጨረሻውን የሚከፍሉት ግራውቱና ሲሊኮኑ ከደረቁ በኋላ ወለሉ ላይ ውሃ አስተኝተው፣ አንድ ቀን ጠብቀው፣ ጎረቤትዎ «ደረቅ ነው» ሲሉዎት ነው። ይህን ሥራው ሳይጀመር ይንገሩት፣ ቢቻል በወረቀት ላይ ይሁን።